ካሜራው የማያየው ሰማያዊ

ቅርጭጭ፤ ዝም። ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ፤ ዝም።

አቭሩም ዜልኒክ ገና የስድስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሳለ፣ በሩን ሳይከፍት ድምፁ ደረሰው። የብረት ጫፍ ያለው ብዕር ወፍራም ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው አይጥ መሰለኝ ብሎ ያልፋል። አቭሩም ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲሰማው ስለኖረ የትኛው ፊደል እየተጻፈ እንደሆነ ሳይቀር ይለያል። ረዘም ብሎ የሚወርደው ቀጥ ያለው ፊደል ነው። ዞሮ የሚመለሰው ክቡ ነው። መጨረሻ ላይ ጫር ተደርጎ የሚቆመው ደግሞ የ‹አር› እግር ነው። ራግና ትቬት ‹አር›ን ስትጽፍ እግሩን እንደተቆጣ ፈረስ ወደ ኋላ ታስፈነጥረዋለች። በኒውዮርክ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ እጅ የለም።

በሩን ከፈተ። ድምፁ ቆመ።

እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሌላ ጊዜ እሱ ሲገባ ብዕሩ ይፈጥናል እንጂ አይቆምም። መፍጠኑ "መጣህ?" ማለቷ ነበር፤ እሱም ኮቱን ሳያወልቅ ጥቂት ይቆምና ያደምጣል።

ራግና ከመስኮቱ ሥር፣ ዘመም ካለው ሰሌዳዋ ፊት ተቀምጣለች። የገለባ መልክ ያለው ጸጉሯን እንደ ሁልጊዜው ጠቅልላ በሰማያዊ እርሳሷ ሰክታዋለች። ከኋላዋ የሥዕል ታሪክ መጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ሚስተር ሆባርት ክሬን እጁን የወንበሯ መደገፊያ ላይ አሳርፎ ቆሟል። አቭሩምን ሲያዩ ሁለቱም ቀና አሉ። ራግና የምትጽፍበትን ገጽ ቶሎ ብላ በቀለም መምጠጫ ሸፈነችው።

"አልደረቀም እኮ፤ ታበላሺዋለሽ" አላት ክሬን።

"ደርቋል።"

ከዚያ አቭሩምን አየችው። ስድስት ዓመት ሲያያት ኖሯል። ስትስቅ፣ ስትደክም፣ ስትኮርፍ ዓይኗ ምን እንደሚመስል በጨለማ ይሥለዋል። ይህን አስተያየት ግን አያውቀውም። አንድ ነገር ሊለው የፈለገ ዓይን ነው? ወይስ አንድ ነገር እንዳይጠይቀው የሚለምን? ሳይወስን ዓይኗን ሰበረችና የብዕሯን ጫፍ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ንጹሕ የነበረውን ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው።

"ገጾችህን ለስታቭሮስ ስጠውና ሂድ" አለው ክሬን። "እኛ ሥራ ላይ ነን።"

‹እኛ› የምትለዋ ቃል ደረቱ ላይ ቀርታ አብራው ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

*

አቭሩም የመጽሔቱን ጀግና፣ ነሐስ ክንፍን መሣል ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሟች የልብስ ቆራጭ ልጅ ነው፤ ብሮንክስ ውስጥ በእናቱ ቤት፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ሳህን በሚንቀጠቀጥበት ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ነው ያን ባለ ክንፍ ሰው ከባዶ ወረቀት ያወጣው። አሁን የሠፈሩ ልጆች ከካርቶን ክንፍ ቆርጠው በጀርባቸው ያስራሉ፤ ከደረጃ ይዘልላሉ፤ ጉልበታቸውን ልጠው እያነከሱ ይመለሳሉ። አቭሩም በመሃላቸው ሲያልፍ ከመንገድ ላይ ዞር ይሉለታል እንጂ ማን እንደሆነ አያውቁም። በዚህ ሙያ አንዱ በእርሳስ ይሥላል፤ ሌላው ቀለም ይስብበታል፤ ሌላው ንግግሩን ይጽፋል፤ ሌላው ይቀባል። መጽሔቱ ላይ የሚወጣው የኩባንያው ስም ብቻ ነው።

ንግግሩን የምትጽፈው ራግና ነበረች። የሁለቱ ነገር የተጀመረውም በሥራ ነው። ሠዓሊዎች ለፊደል ጸሐፊ ማሳሰቢያ ሲያስቀሩ ከገጹ ኅዳግ ላይ በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ይጽፋሉ። ገጹን ለኅትመት የሚያነሳው ካሜራ ያን ሰማያዊ አያይም። ነጭ ነው ብሎ ያልፈዋል። አቭሩም አንድ ቀን "እዚህ ጭንቅላቱ ላይ ለንግግር ቦታ ትቻለሁ" ብሎ ጻፈላት። በሚቀጥለው ሳምንት ገጹ ለማረም ሲመለስለት ከሥሩ በሰማያዊ፣ "የተውክልኝ ቦታ ለትንኝም አይበቃ። ክንፉን እጠፍልኝ፤ አፌን ዘጋብኝ" የሚል አገኘ። ሳቀ። መለሰላት። መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ኅዳጎቹ ያውቃሉ። ነሐስ ክንፍ ከድልድይ ላይ ባቡር ሲያነሳ፣ ከጎኑ በሰማያዊ "ትናንት ዝናቡ ሲጥል አስታወስኩህ" ይላል። ጭራቁ ከተማውን ሲያፈርስ፣ ከሥሩ "እኔም" ይላል። ሦስት መቶ ሺህ ልጅ በእጁ ይዞት አንድም ልጅ ያላነበበው ደብዳቤ ነበር። ቆይተው ሐሙስ ሐሙስ ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። አቭሩምም ሳያስበው የነሐስ ክንፍን ፍቅረኛ፣ የሊድያን ፊት የራግና አደረገው። ጸጉሯን ብቻ ፈትቶ ለቀቀው፤ የራግና ጸጉር ተፈትቶ አይቶ ስለማያውቅ እንደ ምኞቱ ሣለው።

ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነበረም። የራግና አባት ቤይ ሪጅ በሚባል ሠፈር የሚኖር ኖርዌያዊ የመርከብ አናጢ ነው፤ እሑድ ጸሎት ቤት ከፊት ወንበር የማይጠፋ። "ከእኛ ጸሎት ቤት ውጭ ሰው ከወደድሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ" ብሏታል፤ እንደዛተም አይደለም፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ነው ያለው። አይሁዳዊቷ የአቭሩም እናት ደግሞ ይህን ስትሰማ "ጎሽ፣ እኔና ሽማግሌው ሳንተዋወቅ ተስማማን" አለች፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ሾርባ ስታቀርብለት ፊቷን አዙራ ነበር።

አሁን ደግሞ ኩባንያው ሊሸጥ ነው። ገዢዎቹ ከካሊፎርኒያ ናቸው፤ ነሐስ ክንፍን ቴሌቪዥን ላይ ሊያወጡት ይፈልጋሉ፤ ማን እንደፈጠረው የሚገልጽ ንጹሕ ወረቀት ጠየቁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ክሬን ለአቭሩም አንድ ገጽ ሰጠው፦ "ነሐስ ክንፍ የሚስተር ሆባርት ክሬን ሐሳብ ነው፤ እኔ በታዘዝኩት መሠረት ሥያለሁ።" ከሥሩ የፊርማ መሥመር። ራግና ስትሰማ የዚያን ሳምንት ኅዳግ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቃል ሞላችው። "እንዳትፈርም። እንዳትፈርም። እንዳትፈርም።"

አልፈርምም አለ። ሌላ ነገር የለውም። ቤት የለው፣ ሚስት የለው፣ ያ ባለ ክንፍ ፍጥረት ብቻ ነው "የኔ" የሚለው፤ እሱና ኅዳጉ።

*

አቭሩም ሁለት ሰዓት ያህል ከሕንፃው ውጭ ሲዞር ቆይቶ ገጾቹን ሊሰጥ ሲመለስ፣ ስታቭሮስ በመቁረጫ ቢላዋ ወረቀት እየከረከመ ነበር። ግሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ የተበላሸ ገጽ ቆርጦ መለጠፍ፣ መፋቅ፣ መጠገን የሱ ሥራ ነው።

"መጣህ አንተ ክንፋም" አለው ቀና ሳይል። "እናትህ ደህና ናት? አሁንም አግባ ትልሃለች?"

"አሁንማ አታግባ ነው የምትለው። የአሥረኛ ዓመቱ ልዩ እትም ደረሰ? ገጾቹ ለእርማት ይሰጡኛል ብዬ ነበር።"

የስታቭሮስ ቢላዋ ቆመ። "ዋናዎቹ ካሜራ ክፍል ናቸው። ዛሬ እንደ እብድ ነው የሚያጣድፉን። አንዱ ቅጂው ወጥቷል።" ቢላዋውን አስቀምጦ፣ "ባታየው ይሻልሃል፤ ልጄ" አለ።

"ምነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። እኔ ሙጫ ነው የማውቀው።"

አቭሩም ቅጂውን ለማድረቅ ከተሰቀለበት ገመድ ላይ ራሱ አወረደው። የመጀመሪያው ገጽ ነበር። ነሐስ ክንፍ ሰማዩን ሞልቶ ቆሟል። ከእግሩ ሥር፣ አቭሩም ለርእስ ብሎ ባዶ በተወው ቦታ፣ በትልቁ፣ በሚያምር ጽሕፈት፦

ፈጣሪ፦ ሆባርት ክሬን።

ሦስት ‹አር› ነበረበት። ሦስቱም እግራቸውን ወደ ኋላ አስፈንጥረዋል።

አቭሩም ለማንበብ ጊዜ አልወሰደበትም፤ ለማመን ነው የወሰደበት። ዓይኑ በልማዱ ወደ ኅዳጉ ሄደ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች ፈለገ። ኅዳጉ ነጭ ነበር። አንዲት ሰማያዊ ጭረት የለችበትም። ለትንኝ ቀልድ የሚሆን ቃል ያላጣች ሴት ለዚህ አንድ ቃል አጣች።

"እሷ ናት የጻፈችው" አለ።

"እጇ ነው" አለ ስታቭሮስ።

"አስገድደዋት ይሆን?"

"አቭሩም፣ እዚህ ቤት ማንም ማንንም አያስገድድም። ወንበር አለ፤ ሥራ አለ፤ ትቀመጣለህ፣ ትሠራለህ።"

ወደ ራግና ክፍል ተመለሰ። ወንበሯ ባዶ ነው። ቦርሳዋም ኮቷም የለም። ከጎኗ የምትቀመጠዋ ቀለም ቀቢ፣ "አሞኛል ብላ ወጣች፤ እስከ ሐሙስም አልመጣም አለች" አለችው። አቭሩም የወንበሩን መደገፊያ ነካው፤ ክሬን እጁን ያሳረፈበትን ቦታ። ሸሸች ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ጽፋ፣ አድርቃ፣ ዓይኔን ላለማየት ሸሸች። ስድስት ዓመት ሙሉ የወደደው ድምፅ ስሙን ሲቀብር በር ላይ ቆሞ ሲያደምጥ እንደነበር ገባው፤ ያሳፈረው ደግሞ ሲያደምጥ ደስ ብሎት የነበረ መሆኑ ነው።

*

ረቡዕ ጠዋት ሳይጠራ ክሬን ቢሮ ገባ።

ክሬን ክፉ ሰው አይመስልም። ክፉ ቢመስል ይቀል ነበር። ወንበር ሳበለት፤ ስለ እናቱ ጉልበት ጠየቀው።

"ወረቀቱን ሳልፈርም ልመልስልዎት ነው የመጣሁት እንዳትለኝ" አለው፤ እየሳቀ።

"ልዩ እትሙን አየሁት።"

"አዎ። ሳትሰማ ብታየው ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። ግን አየህ፣ መጽሔት የብዙ ሰው ሥራ ነው። ሚስ ትቬትን እንኳ ተመልከት። ምን ስም ልጻፍ አላለች፣ ለምን አላለች። ነገርኳት፤ ጻፈች። ባለሙያ ማለት እሷ ናት።"

"ምንም አላለችም?"

"አንድም ቃል።"

መስኮቱ ላይ ርግብ አርፋ ወደ ውስጥ ታያለች። አቭሩም ክንፏን ተመለከተ፤ እንዴት እንደሚታጠፍ አሥራ አንድ ዓመት ያጠናው ነገር ነው። አሁን ምን ያደርግለታል? ‹የኔ› የሚለው ሁለት ነገር ነበር። አንዱን፣ ኅዳጉን፣ ትናንት ራሷ ወሰደችበት። ሌላውን ማን ይጠብቅለት? ለማን ብሎ?

"የት ላይ ነው የምፈርመው?"

ፈረመ። ክሬን ወረቀቱን እፍ እፍ እያለ አደረቀውና፣ እንደ ዋዛ፣ "ሌላ ቤትህ የቀረ ነገር የለም? የድሮ ንድፍ፣ ደብዳቤ፣ ለገዢዎቹ ጥያቄ የሚሆን?" አለው።

አቭሩም ተነሥቶ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ዝም ብሎ መውጣት ይችላል። በኋላ ይህን ሲያስብ ሁልጊዜ ራሱን እዚያ በር ላይ፣ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ያየዋል፤ እንደ ሥዕል፣ ከነጥላው።

"ቤቴ የለም። እዚሁ ነው ያለው" አለ። "ዕቃ ቤት፣ ታችኛው ቁምሳጥን። የመጀመሪያው ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ። ኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እንዴት እንዳሰብኩት ጽፌበታለሁ፤ እናንተ ከመቅጠራችሁ ሁለት ወር በፊት፣ ከነቀኑ። ካሜራው ስላላየው እናንተም ልብ አላላችሁትም።"

የክሬን ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። "ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?"

"አንድ ሰው። ያው የነገሯትን የምትጽፍልዎት። እሷን ከቁጥር አያስገቡ፤ ገጹን አቃጥሉት።"

ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ነው። እልኹ እንደ ብራንዲ አሞቀው። ተከዳሁ፣ ከዳሁ፣ ተካካድን፣ አበቃ እያለ ድልድዩን ተሻገረ። ሙቀቱ ከወዲያ ማዶ ለቀቀው፤ ከሥሩ ምንም አልነበረም።

*

ሐሙስ ከረፋዱ ስልክ ተደወለ። ስታቭሮስ ነው።

"ና ቶሎ። ነሐስ ክንፍህ ስድስት ጣት አብቅሏል።"

"ምን?"

"ልዩ እትሙ ላይ፤ ግራ እጁ። እኔ ቆጠርኩ፣ ቀለም ቀቢዋ ቆጠረች። ከዚያ በፊት ያ ሁሉ ሰው አይቶት አንድ ሰው አልቆጠረም። ምን ሆነህ ነው የሣልከው?"

ያን ገጽ የሣለው የክሬን ወረቀት በደረሰው ሳምንት ነበር። ጃኬቱን ደርቦ ወጣ።

ስድስተኛው ፎቅ ዛሬ የብዕር ድምፅ የለውም። በምትኩ ከዕቃ ቤቱ የመሳቢያ መከፈትና መዘጋት ይሰማል፤ ወረቀት ወለል ላይ ይወድቃል። "ክሬን ነው" አለው ስታቭሮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከትናንት ጀምሮ ታችኛውን ቁምሳጥን ያገላብጣል። አንድ ነገር ጠፍቶበታል። ቁልፉ ማን ጋ ነበር ብሎ ሁሉን እየጠየቀ ነው። እንካ፣ ያንተን ጣት ቁረጥልኝ።"

ዋናውን ገጽ ሰጠው። ቅጂ አይደለም፤ ወፍራሙ ወረቀት፣ በእጅ የተነካው፣ ቀለምና ላጲስ የሚሸት።

አቭሩም ሰሌዳው ላይ ዘርግቶ መፋቂያውን አነሣ። ከዚያ መፋቂያውን መልሶ አስቀመጠ።

ኅዳጉ በሰማያዊ ሞልቷል። ከላይ ጀምሮ በጎን ወርዶ፣ በታች ዞሮ፣ በሌላኛው ጎን ይወጣል፤ መጻፊያ ያጣች ሰው ጽሕፈት ነው። የካሜራው ዓይን ከእንዲህ ያለ ሰማያዊ ፊት ዕውር መሆኑን በዚህች ከተማ ከአቭሩም የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ማክሰኞ ዕለት የፎቶ ቅጂ ይዞ፣ ቃል አልጻፈችልኝም ብሎ ነጭ ኅዳግ ላይ ያፈጠጠው እሱ ነው።

"አቭሩም፣" ይላል። "ከኋላዬ ቆሞ ነው ያስጻፈኝ፤ አሁን ገና ወጣ። እምቢ ብዬው ቢሆን እኔ ጋ ያለውን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይቀበለኝ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ለዛሬ ያስፈልገኛል። ከታችኛው ቁምሳጥን ያንን ገጽህን አወጣልሃለሁ። ስትገባ ላናግርህ ፈልጌ ነበር፤ ዓይኔን አየኸው አይደል? ገብቶሃል ብዬ ነው ጠርጌ ጠርጌ የብዕሬን ጫፍ የጨረስኩት። አሞኛል ብዬ እወጣለሁ። አትደውል፣ አባቴ ነው የሚያነሣው። ሐሙስ እኩለ ቀን የተለመደው ቦታ። ሻንጣዬን ይዤ ነው የምመጣው። አትሣቅ፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከዚያ እንዳትፈርም። ይህን ስም የጻፍኩበት እጄ ያመኛል። ገጹ ወዳንተ ከመመለሱ በፊት ካሜራ ክፍል እንዳይወስደው እፈራለሁ። ግን ካሜራው የማያየውን አንተ ታያለህ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበባት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እኩለ ቀን ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ይለዋል።

"ስታቭሮስ፣ አንተ ይህን አይተሃል?"

"እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም" አለ ሽማግሌው፤ ወደ ሙጫው አጎንብሶ። "ስድስት ዓመት ሙሉ አላነበብኩም።"

*

የሐሙስ ምሳቸው ቦታ ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ የመስተዋት መስኮት የሆነበት ምግብ ቤት ነው፤ ሳንቲም ጨምረህ መስኮቱን ከፍተህ የምትፈልገውን ምግብ ታወጣለህ። ራግና ከጥግ ተቀምጣለች። ቡናማ ሻንጣ ከእግሯ አጠገብ ቆሟል፤ ማዕዘኖቹ በገመድ ታስረዋል። ለእሱ የቼሪ ኬክና ቡና አውጥታ ከፊት ለፊቷ አስቀምጣለች። ስታየው ፊቷ በራ። አቭሩም ያን ብርሃን ለመቀበል የሚችልበት ቦታ ፊቱ ላይ አጣ።

"ሮጠህ ነው የመጣኸው?" አለችው። "ተቀመጥ። ቡናው ቀዝቅዟል፤ የኔ ጥፋት ነው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የመጣሁት። እንዳላረፍድ ብዬ።"

"ራግና..."

"ቆይ፣ እኔ ልናገር፤ ስንት ቀን አፍኜ ነው የቆየሁት። ለአባቴ ነገርኩት። ምን አለ መሰለህ? ምንም። ተነሣ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ሻንጣውን ከቁምሳጥኑ አናት አወረደልኝ። አቧራውን በእጁ ጠረገልኝ። ከዚያ እጀታው የላላ ነው ብሎ ሚስማር መታበት።" ልትስቅ ሞከረች። "እንዳይበጠስብኝ ማለት ነው። በሩን ሲዘጋ ግን ሁለቴ ቆለፈው፤ ሰማሁት።"

እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ መሃል ላይ ቆመ። አላየችውም። ከጎኗ በኖርዌይ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አንሥታ ኬኩን ገፋ አደረገችና ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

የመጀመሪያው ገጽ ነበር። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ የሣለው ነሐስ ክንፍ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ክንፉ ያልተስተካከለ፣ ወደ ሰማይ ይወጣል። ኅዳጉ ላይ ሰማያዊው እስካሁን አልደበዘዘም። "ክንፉ ነሐስ ይሁን። አባቴ ሲሰፋ ጣቱ ላይ ያጠልቃት የነበረችው ቆብ ነሐስ ነበረች። መርፌ አይበሳትም።" ከሥሩ ቀኑ።

"አሁን ጀርባውን አይተኸው ታውቃለህ?" አለችው፤ እንደ ልጅ ዓይኗ እያበራ። ገለበጠችው። በወፍራም ቀይ እርሳስ፣ በማይረሳው ያዘመመ ጽሕፈት፣ "ይህን የፈጠረውን ልጅ ጥሩልኝ። ክንፉን ወድጄዋለሁ" ይላል። ከሥሩ የሆባርት ክሬን ፊርማ።

"በራሱ እጅ ነው አቭሩም። የፈጠረውን ልጅ ይላል። አንዲት ጠበቃ ጋ ትናንት ወስጄ አሳየኋት። ዓይኗን አላመነችም። አንተ እስካልፈረምክ ድረስ ይህች አንዲት ወረቀት ትበቃለች አለችኝ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ትጠብቀናለች። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን፤ መታወቂያህን ይዘሃል? ካልያዝክ ነገ ይሆናል፤ ዛሬ ማታ እናትህ ወጥ ቤት ወለል ላይም እተኛለሁ፣ አሳፍራት ከሆነ..."

"ፈርሜያለሁ።"

በአጠገባቸው አንድ ሰው ሳንቲም ከተተ፤ ትንሿ መስኮት ጠቅ ብላ ተከፈተች።

"ምን አልክ?"

"ፈርሜያለሁ፣ ራግና።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

እጇ ገጹ ላይ እንዳለ ቀረ። "ትናንት" አለች፤ ቃሉን በማታውቀው ቋንቋ እንደሰማች። "ማክሰኞ ጻፍኩልህ እኮ። ገጹን አላየኸውም?"

"ቅጂውን ነው ያየሁት። ስሙን በእጅሽ ተጽፎ አየሁ። ኅዳጉ ነጭ ነበር።" ድምፁን ለራሱ ሲሰማው አስጠላው፤ አንድ የሙያው ጀማሪ እንኳ የማይለው ነገር ነው። "ኅዳጉ ነጭ ነበር፤ እና አንቺ... አንድ ቃል የለም ብዬ... ስመለስ ሄደሽ ነበር፤ እሱ እጁን ወንበርሽ ላይ..."

አየችው። የማክሰኞው አስተያየት ነበር፤ አሁን ያለምንም ችግር አነበበው። ያን ጊዜም እንዲህ ቀላል ነበር።

መናገሩን እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ግን ከዕቃ ቤቱ የሚሰማው የመሳቢያ ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ካልነገራት ከጠበቃዋ ደጅ ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ወረፋ ላይ ሊደርሱባት ነው።

"ሌላም አለ" አለ። "ገጹ የት እንዳለ ነግሬዋለሁ። ታችኛው ቁምሳጥን ብዬ። ከኔ ሌላ የምታውቅ አንድ ሰው አለች ብዬዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ እየፈለገው ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንደነበር እየጠየቀ ነው።" ቡናውን ከፊቱ ገፋው። "የነገሯትን የምትጽፍ ናት አልኩት። እንዲህ አልኩሽ። አቃጥሉትም ብያለሁ።"

ራግና ገጹን ወደ ፊት መልሳ ገለበጠችው፤ ባለ ክንፉ ወደ ላይ እንዲሆን። ከጋዜጣው ወለቅ ያለውን ማዕዘን አስተካከለች። ጠርዙ ላይ የወደቀች የኬክ ፍርፋሪ በጣቷ ጫፍ አነሣችና ሳህኑ ላይ መለሰቻት።

"ስደቢኝ" አላት። "ራግና፣ አንድ ነገር በይኝ። የፈለግሽውን።"

እጇን ወደ ራሷ አናት ሰደደች። ሰማያዊውን እርሳስ ከጸጉሯ መዝዛ ገጹ ላይ፣ ከአባቱ የነሐስ ቆብ ቃል ጎን አስቀመጠችው። ጸጉሯ ተፈትቶ ወረደ።

ስድስት ዓመት ለሊድያ እስከ ወገቧ የሚወርድ አድርጎ ሲሥለው ነበር። ትከሻዋን ብቻ ነው የሚነካው። አንድ ወገኑም ከሌላው ያጥራል፤ ራሷ በመስተዋት ፊት የቆረጠችው ይመስላል።

ሻንጣውን አነሣች። አባቷ ሚስማር የመታበትን እጀታ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል አለፈች፤ በሚሽከረከረው በር ገብታ በወዲያው ወጣች። ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እንደዞረች አቭሩም አላየም። ኅዳጉ ላይ የሷን ቃል እየፈለገ ነበር።